ሦስት ነጥብ ያለበት ዲናሞ

በሚዛን አታልሎኝ ያለፈ ነጋዴ የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ አስመራ፣ ማይ ጭሆት ሰፈር የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። ትንሽ ስኳር ጎደለብኝ ብዬ ከቤቴ እስከ ሱቁ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተራ የዘለለ ጎረምሳ ጆሮውን ይዤ ወደ ኋላ መልሻለሁ። የልጅ ልጆቼ ብርቱካን ሳካፍላቸው ፍሬውን ሳይሆን እኔን እያዩ ይስቃሉ። አያታችን ዳኛ ብትሆን ኖሮ እስር ቤቱ አይበቃም ነበር ይላሉ።

እነሱ የማያውቁት አለ። እኔ በእርግጥ ሰው አሳስሬያለሁ። ሰውየው ንጹሕ ነበር። ያሳሰርኩትም በአማርኛዬ ነው።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ከተባለች ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር፤ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አማርኛን የጀመርኩት ትምህርት ቤት ይሁን እንጂ አንደበቴ የተፈታው በስፌት ነው። ጥራቮሎ በሚባለው ሰፈር ለሚኖሩ የመኮንኖች ሚስቶች ቀሚስ እሰፋ ነበር፤ ስለካቸው ያወሩኛል፣ እርስ በርስ ሲተማሙም እሰማለሁ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ቋንቋው ገባኝ። በሰፈራችን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የመጣበት ሰው ወደ እኔ ይመጣ ነበር። አነብለታለሁ፣ መልሱንም እጽፍለታለሁ። በዚህ እኮራ ነበር።

ሌላዋ ኩራቴ ማኪናችን ነበረች። ሰይቸንቶ የምንላት ትንሿ የጣሊያን ማኪና። አባቴ በአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ መካኒክ ሆኖ ኖሯል። ጣሊያናዊው ወደ አገሩ ሲገባ ራሱ ሲነዳት የነበረችውን ይህችን ማኪና ለአባቴ ትቶለት ሄደ። አባቴ እስከ መጨረሻው ብሎን ፈታትቶ እንደገና ገጠማት። እያንዳንዱን ዕቃ ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት በሹል ብረት እየመታ ሦስት ነጥብ ያደርግበታል፤ ነጥቦቹ እንደ ጉልቻ ሦስት ማዕዘን የተቀመጡ ናቸው። ጋራዥ ውስጥ የሰው ዕቃ በሰው ዕቃ ሲለወጥ ብዙ ስላየ ነው። "ሰው ይዋሻል፣ ብረት አይዋሽም" ይል ነበር። ሲሞት ማኪናዋ ለእኔ፣ ለብቸኛ ልጁ፣ ደረሰች። ባለቤቴ ሃብቶም ታክሲ አደረጋት። ሕጉን ግን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከሃብቶም በቀር መሪዋን የሚነካ ሰው እንዳይኖር አስምዬዋለሁ።

ሰውየውን ካሳሰርኩበት ቀን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ክረምት ላይ፣ ሃብቶም ቤት ገብቶ ዲናሞውን ሰረቁኝ አለኝ። ዲናሞ ማለት ማኪናዋ ስትሄድ ባትሪዋን የሚሞላው ነው፤ እሱ ከሌለ ባትሪው ያልቅና ትቆማለች። ደቀምሓረ መንገድ ላይ አቁሟት ዘወር ባለበት ፈትተው ወሰዱ አለ። በቦታው ምልክት የሌለው ሌላ አስገጥሞ ነበር። ሌባውን እርግማን አወረድኩበት፤ ከዚያም ተውኩት።

ያ ምልክት የሌለው ዲናሞ ሁለት ዓመት አገልግሎ ተቃጠለ። ሃብቶም አንድ ሳምንት ሙሉ የመለዋወጫ ሱቆቹን ዞረ። የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ለእንዲህ ያለች አሮጌ ማኪና ዕቃው ከጣሊያን ተጽፎለት ይመጣል፤ በመርከብ ምጽዋ እስኪደርስም ሦስት ወር ይፈጃል። ማኪናዋ ደጃችን ላይ ቆማ አቧራ ለበሰች። እኔም መደበር ሂድ አልኩት። መደበር ከበርሜል ባልዲ፣ ከአሮጌ ጎማ ጫማ የሚሠሩበት፣ ቀኑን ሙሉ መዶሻ የሚጮህበት ሰፊ ግቢ ነው። አስመራ ውስጥ የጠፋ ብረት መጨረሻው እዚያ ነው ይባላል። ሃብቶም ግን አሻፈረኝ አለ። እዚያ ያሉት አታላዮች ናቸው፤ የተቃጠለውን ቀለም ቀብተው ይሸጡልሻል አለኝ።

አታላይ ፈርቶ አልነበረም። ያኔ ግን አልገባኝም።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሃብቶም ሳያውቅ የተቃጠለውን ዲናሞ ዘንቢል ውስጥ ከትቼ ራሴ ሄድኩ። ዲናሞ የሚጠግን ሰው እየጠየቅኩ ግቢው ጥግ ወዳለች ጠባብ ቤት ደረስኩ። አቦይ ክፍሉ የሚባሉ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው የመዳብ ሽቦ ይጠቀልላሉ። የእኔን ተቀብለው ገለባበጡት፣ አሸተቱትም። ጨርሶ ተቃጥሏል፣ ለመጠቅለል ሳምንት ይወስድብኛል አሉ። ለጊዜው የሚሆን ሌላ እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። መደርደሪያውን ቀና ብዬ ሳይ ከሁሉ በላይ፣ በንጹሕ ጨርቅ ግማሹ የተሸፈነ አንድ ዲናሞ አየሁ።

እሱን ያሳዩኝ አልኳቸው።

"እሱ አይሸጥም። ባለቤት አለው" አሉኝ።

አይሸጥም ማለታቸው አስጠረጠረኝ። ሆዴን ይዤ በርጩማቸው ላይ ወጣሁና ጨርቁን ገለጥኩት። ሦስት ነጥብ፣ እንደ ጉልቻ። አባቴ ከሞተ ስንት ጊዜው ነው፤ ጣቴ ነጥቦቹን ሲነካ እጁን የነካሁ መሰለኝ። ወዲያው ደሜ ፈላ። ይህ የእኔ ነው፣ ከማኪናዬ የተሰረቀ ነው ብዬ ግቢው እስኪሰማ ተናገርኩ። የአካባቢው መዶሻ ሁሉ ዝም አለ። አቦይ ክፍሉ አልተቆጡም። ዓይናቸውን አጥብበው ፊቴን አዩና፣

"የማን ልጅ ነሽ፣ ጓለይ?" አሉኝ።

"ለሌባ ዘሬን አልቆጥርም" አልኳቸው።

ጓለይ በእኛ ቋንቋ ልጄ ማለት ነው። ሽማግሌው ልጄ ሲሉኝ እኔ ሌባ አልኳቸው። ከዚያም የግቢው በር ላይ የቆመውን ፖሊስ ጠራሁ።

ጣቢያው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ቀን ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ፖሊሱ ሁሉ መንገድ ላይ ተሰልፏል፤ ያመጣን ፖሊስም አስረክቦን ወደ ሰልፉ ሄደ። የቀረው አንድ የመቶ አለቃ ነው፤ ከመሐል አገር የመጣ፣ ትግርኛ የማያውቅ፣ በየደቂቃው ሰዓቱን የሚያይ። ነገሩን በአማርኛ አስረዳሁት። ዲናሞውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነጥቦቹን አሳየሁት። ከማኪናዋ ላይ ሌላ ዕቃ ቢፈታ ይኸው ምልክት እንዳለበት ነገርኩት። በአነጋገሬ ደስ አለው፤ እንዲህ ያለ አማርኛ የት ተማርሽ ብሎ ጠየቀኝ። ቀጥሎም ወደ አቦይ ክፍሉ እያመለከተ፣

"አስተርጓሚ የለኝም። የሚለውን አንቺ ንገሪኝ" አለኝ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። እኔ ከሳሽ ነኝ። ከሳሽ እንዴት የተከሳሽ አፍ ይሆናል? ሌላ ሰው እንዲህ ሲደረግበት ባይ ጣቢያውን በጩኸት እገለብጠው ነበር። በዚያች ቀን ግን እሺ ጌታዬ አልኩ። ደስም አለኝ።

አቦይ ክፍሉ ቆባቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙና ቀስ ብለው፣ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ያሉትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ዋናው ግን ይህ ነበር። ዲናሞውን ያመጣላቸው አንድ ባለታክሲ ነው፤ ረጅም፣ ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው። ይህን ብለው ወደ እኔ ዞሩና፣ "ንሰብኣይኪ ሕተትዮ" አሉኝ። ባልሽን ጠይቂው ማለታቸው ነው።

ሃብቶም ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።

በዚያች ቅጽበት ብዙ ነገር ታየኝ። ዲናሞው ተሰረቀ ባለኝ ቀን ዓይኔን ሳያይ እጁን ሲታጠብ የቆየው፤ ሰሞኑን መደበር አልሄድም ብሎ የተከራከረኝ። ሽማግሌውን ባላምናቸው ኖሮ እተረጉመው ነበር። ይህ ሽማግሌ ባሌን ሌባ ያደርገዋል ብዬ ከመቶ አለቃው ጋር እስቅ ነበር። ያስቀረሁት ስላመንኳቸው ነው።

"ይህን ሁሉ ተናግሮ ምን አለ?" አለኝ የመቶ አለቃው።

"ከማላውቀው ሰው ነው የገዛሁት ይላል" አልኩት።

ጻፈው። ሌላም አለ ወይ ሲለኝ የለም አልኩ። አቦይ ክፍሉ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩ። ማንበብ አይችሉም፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቶ በወረቀቱ ግርጌ አሳተማቸው። ያላሉትን ቃል በጣታቸው አጸኑት። ወደ እስር ክፍሉ አስገባቸው፤ እኔ ዲናሞዬን ፈርሜ ተቀበልኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሜ ነበርና ወገቤ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር።

ቤት ስደርስ ሃብቶም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ለሞተሩ እሳት የሚጭረውን የማኪናዋን ካንዴላ ይጠርጋል። ዘንቢሉን ፊቱ አስቀምጬ ከፈትኩለት። ነጥቦቹን አየ። ካንዴላውን መጥረጉን አላቆመም፤ የሚጠርገው ነገር ግን አልነበረበትም።

"አቦይ ክፍሉ ሰጡሽ?" አለኝ።

ስማቸውን አልነገርኩትም ነበር።

ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ደቀምሓረ የጓደኛው ሰርግ ነበር። የሙሽራው ወንድም እባክህ ጥቂት ልንዳት ብሎ ለመነው፤ እንቢ ማለት አፈረ፤ ሰጠው። ልጁ ማኪናዋን ጎርፍ ውስጥ ከተታት፤ ዲናሞው ውኃ ገብቶበት ተቃጠለ። ሃብቶም ለአቦይ ክፍሉ ሰጥቶ፣ እስኪጠገን የሚሠራበት ሌላ ተዋሰና በሳምንቱ እመለሳለሁ አላቸው። ቤት ሲመጣ ግን ምልክቱ የት ሄደ እንደምለው ያውቃል። ተሰረቀ አለኝ። ተሰረቀ ካለ በኋላ ደግሞ እንዴት ይዞት ይምጣ?

ለምን እውነቱን አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት።

"ለማን? ለአንቺ?" አለኝ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ በስሜም ጠራኝ። "ለተ፣ አንቺ ምሕረት የሌለሽ ዳኛ ነሽ እኮ። እስከዛሬ ድረስ ትፈርጂብኝ ነበር።"

ሽማግሌውን ማሳሰሬን፣ ያሉትንም እንዳስቀረሁት ስነግረው ሃብቶም ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ጣቢያ ሂጂና ምልክቱን ተሳስቻለሁ በያቸው፤ እኔን ግን እባክሽ አታንሺኝ፣ የታክሲ ፈቃዴን ይቀሙኛል አለ።

ቅዳሜ ማለዳ ጣቢያው ሄድኩ። የመቶ አለቃው ከእንግዳው ጋር ነው፤ እስከ ሰኞ አይመጣም። ለዘበኛው እውነቱን ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩና የተናገርኩት ምግብ ይዤ መጥቻለሁ ነበር። ሳህኑን ወሰደ። ከቆይታ በኋላ ባዶውን መለሰልኝ። ታጥቧል። አቦይ ክፍሉ እዚያ ውስጥ ለመጠጥ ከተሰጣቸው ውኃ አጥበውታል።

እሑድንም አደሩ። ሰኞ የመቶ አለቃው ፊት ቆሜ ምልክቱን ተሳስቻለሁ፤ ዲናሞው የእኔ አይደለም አልኩት። በአንድ ውሸት ላይ ሌላ ውሸት ጨመርኩ። ተቆጣ፤ ጊዜውን በማባከኔ ሰደበኝ። ከሳሽ ክሷን አንስታለች ብሎ ከወረቀቱ ሥር ጻፈና ማኅተም አድርጎ ፋይል ውስጥ ከተተው፤ ሽማግሌውንም ለቀቃቸው፣ ዲናሞውን መልሺላቸው አለኝ። ወረቀቱ ይቀደድልኝ ብዬ ለመንኩት። ማኅተም ያረፈበት አይቀደድም አለኝ። እውነቱን ለመናገር ያቺ ጥሩ ጊዜ ነበረች። ቃላቸውን አጉድዬ ነው የተረጎምኩት ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይቆማል፤ ድንጋዩን የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው። በማግስቱ መደበር ሄድኩ። በሩ ላይ ዲናሞውን ከዘንቢሉ አውጥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግኩት። ከባድ ነው፤ ቅባቱ ነጠላዬን አቆሸሸው። ሆዴ ወደፊት፣ ብረቱ ወደ ኋላ እየጎተተኝ በመዶሻዎቹ መሐል አለፍኩ። አንደኛው ቀጥቃጭ፣ "ሌባ ሰው ፍለጋ ዛሬም መጣች፤ እግራችሁን ሰብስቡ" አለ። ሳቁብኝ።

አቦይ ክፍሉ ሲያዩኝ ከርጩማቸው ብድግ አሉ። አንድ ቃል ሳልናገር ብረቱን ከትከሻዬ አንስተው መሬት አስቀመጡት። "ነፍሰ ጡር ሴት እንዲህ አይሸከምም" ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ እኔ ተንበረከክኩ፤ ሰዉ እንዲሰማ እሳቸው ሌባ አይደሉም፤ ዲናሞውን ያመጣው ባሌ ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። መዶሻው ሁሉ ቆመ። ደግፈው አስነሱኝ።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አሉኝ። ከዚያም ሌላው እንዳይሰማ ጎንበስ ብለው፣ "አማርኛ አላውቅም። ግን እኔ ያልኩት ረጅም ነበር፤ ያንቺ አጭር ሆነ። ያ ወረቀትስ?" አሉኝ።

ሄጄ አስተካክለዋለሁ አልኳቸው። በእግዚአብሔር ስም ማልኩላቸው።

ዲናሞውን የአባትሽ ነው ብለው መልሰው ሰጡኝ። ማኪናዋም ተነሳች፤ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሠራች። እኔ ግን ወደ ጣቢያው ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ከበሩ ተመለስኩ። በሐሰት አስተርጉመሻል ብሎ ቢያስረኝ እስር ቤት እወልዳለሁ ብዬ ፈራሁ። ከወለድኩ በኋላ ደግሞ ሕፃን ልጅ አለኝ አልኩ። ሕፃኗ ስታድግ ነገሩ ያረጀ መሰለኝ።

ወረቀቱ ግን አላረጀም። በከተማው የመዳብ ሽቦ በጠፋ ቁጥር ፖሊስ መጀመሪያ የሚመጣው አቦይ ክፍሉ ዘንድ ሆነ፤ ከማያውቀው ሰው የተሰረቀ ዕቃ የሚገዛ ተብሎ ተጽፏልና። ሁለት ጊዜ ወስደው ለቀቋቸው። በሦስተኛው መሣሪያቸውን ሰብስበው ወደ ትውልድ መንደራቸው ገቡ። እኔ የሰማሁት ከሄዱ በኋላ ነው። ቤታቸውን ሌላ ሰው ይዞታል፤ ጫማ ይሠራበታል።

አንባቢዎቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ምክር አልሰጥም፤ ምክር መስጠት የሚገባኝ ሰውም አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ሚዛን የሚሰርቅ ሰው እጁ ይታያል። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሲሰርቅ ማን ያየዋል? ከዚያ በኋላ ሆስፒታልም ሆነ ፍርድ ቤት ሰው አስተርጉሚልኝ ሲለኝ ምንም አላስቀርም። ስድቡንም፣ ልመናውንም፣ የማይረባውንም እናገራለሁ። አንድ ሐኪም፣ "ሴትዮ፣ አሳጥሪው" ቢለኝ፣ ያሳጠርኩት አንድ አለ፣ ይበቃኛል አልኩት። አልገባውም። ሃብቶምም እስኪሞት ድረስ ያጠፋውን ሁሉ ነግሮኛል፤ እኔም አፌን መያዝ ተምሬያለሁ። አንዳንዴ።

ያ የመቶ አለቃ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ካለና ይህን ካነበበ፣ የዚያን ዓርብ ትርጉም አሁን ሙሉውን እሰጠዋለሁ። አቦይ ክፍሉ ቆባቸውን ይዘው ያሉት ይህ ነው፤ አንድም አላስቀረሁም።

"ጌታዬ፣ ይህች ልጅ ነፍሰ ጡር ናት፤ መጀመሪያ ወንበር ስጧት። እኔ አልሰረቅኩም፤ የሰረቀም የለም። ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት አንድ ባለታክሲ ተቃጥሎበት አመጣልኝ፤ ረጅም ነው፣ ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። በሳምንቱ እመለሳለሁ አለኝ፤ አልተመለሰም። ጓለይ፣ ባልሽን ጠይቂው። አትቆጪው፤ ወጣት ነው፣ ፈርቶ ይሆናል። እኔ ጠቅልዬ ጨርሼ ሳጸዳው ሦስቱን ነጥብ አየሁ። ይህን ምልክት የሚመታው መካኒክ ወዳጄ ነበር፤ አሁን ሞቷል። ብዙ ሰው ሽጥልን አለኝ፤ አልሸጥኩም። ሴት ልጅ እንዳለችው ሰምቼ ነበር፤ አንድ ቀን ትመጣለች ብዬ በጨርቅ ሸፍኜ ከላይ አስቀመጥኩላት። ይኸው መጣች። ስጧት።"